አባባን ያናገረው ባቡር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአብዱልመናን፤ አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ። ጤናህ እንዴት ነው? ሐዲጃስ? ትንሿ መርዋ ጥርስ አወጣች? የሀምቡርግ ብርድ ወገብህን ተወት አደረገልህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ማለቴ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ምክንያቱን ልንገርህ።

አባባ ግማሽ ጎኑ ከከዳው ወዲህ አንደበቱ እንደተዘጋ ነው። የላክህለትን የመጫወቻ ባቡር ግን ይወደዋል። ሐዲዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተንለታል። ለጨርቅ ንግድ ድሬዳዋ የተመላለሰበትን ባቡር እያስታወሰ ይሆናል። አላውቅም። ብቻ ያያል።

ባለፈው ሰሞን ጠዋት መብራት ጠፋ። ሲመለስ መቆጣጠሪያውን ማንም ሳይነካው ባቡሩ ተፈተለከ፤ ኩርባው ላይ ሐዲዱን ስቶ አባባ ጭን ላይ ወደቀ። አባባ «ኡዘይር! ያዘው!» ብሎ ጮኸ። ስሜን ጠራ። ከዓመት በኋላ።

እናታችን እልል አለች፤ ወዲያው ደግሞ ፈራች። ሳይነኩት የሚሮጥ ነገር ሸጋ አይደለም አለች። ከሱቅ ስመለስ ቁርኣን የተቀራበት ውሃ ባቡሩ ላይ ረጭታ አገኘኋት። የኤሌክትሪክ ዕቃ እኮ ነው ብላት፣ «ቁርኣን የሚያበላሸው ዕቃ ከሆነማ ይበላሽ!» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ባቡሩ ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፍ ጀመር። ሆዱ ያተኩሳል።

ከፈትኩት። ስንት ቴሌቪዥን ጠግኛለሁ፣ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ሆዱ ውስጥ ትእዛዝ የምትቀበል ጥፍር የምታህል ሰሌዳ አለች፤ አንተ ዲኮደር ያልካት። ባቃጥላት እዚህ ምትክ የላትም። አባባም አብሯት ይዘጋል ብዬ አሰብኩ። በአልኮል ጠርጌ ፀሐይ ላይ አደረቅኳት፤ መንዘፍዘፉ ተወው። መሮጡ ግን ከውሃውም በፊት የነበረ ነው። መመሪያውን አገላብጬ ደረስኩበት፤ መብራት ሲመለስ መቆጣጠሪያው ሳይነቃ ጥሬ ኮረንቲ ሐዲዱ ላይ ይደርሳል፣ ዲኮደሯም ሂጂ የተባለች ይመስላታል። ይህን የሚፈቅድላት በመቆጣጠሪያው የሚሞላላት አንድ ቁጥር ነው። ከስድስት ወደ ሁለት ለወጥኩት። ሶኬቱን ነቅዬ መለስኩ። ባቡሩ ቆሞ ቀረ።

አባባም ከዚያች ከአንዷ ጩኸት ወዲህ ሌላ ቃል አልወጣውም። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ባቡሩ አይነቃነቅም። አባባ አንድ ነገር እንደሰረቅኩት እኔን ያየኛል።

ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካው፣ ሁለተኛ ከመታው እንደማይተርፍ ነግሮናል። ለእናታችን ሁሉንም አስረዳኋት። ውሃ የረጨችው እሷ ራሷ «መልሰው» አለች። «ሐኪሙ የባሌን ድምፅ አያውቀውም።» እህታችን ዐዚዛ ደግሞ ሁላችሁም አብዳችኋል ብላ በሩን ወርውራ ወጣች። ጭንቅ ሲለኝ ራሱን አባባን ጠየቅኩት፤ ሊገድልህ ይችላል ብዬ ሳልደብቅ። በደህናው እጁ እጄን ያዘና መቆጣጠሪያው ላይ አሳረፈው።

ዛሬ ጠዋት ቁጥሩን ወደ ስድስት መለስኩት። ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደ። አሁን ጠረጴዛው አጠገብ ሆኜ ነው የምጽፍልህ፤ ትራስ ጭኑ ላይ አድርጌለታለሁ። ክረምት ነው፣ መብራቱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። መምጣቱንም አለመምጣቱንም ፈራሁ፣ ወንድም ዓለም። ዱዓ አድርግልን።

እናታችን ለሐዲጃ ሰላም በልልኝ፣ መርዋን ሳምልኝ ትላለች። ዐዚዛ ከደጅ ሆና ሰላም ትልሃለች፤ አኩርፋለች እንጂ ርቃ አልሄደችም። የአባባን ሰላምታ እኔ ልጽፍለት አልደፈርኩም። ከንፈሩን እያየሁ ነው።

ወንድምህ ኡዘይር
ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ሰኔ 14 ቀን 2006 ዓ.ም.