የሰሜኑ አጥር

ጥር 6

ማተሚያ ቤት የደረሰኝ ጥራዝ ስንቆርጥ ዋልን። ጣቴን ወረቀት ቆርጦኝ ያቃጥለኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን ብከፍት ወንድሜ በጦርነት ጨዋታችን ላይ ተራውን ልኳል። የድንጋይ መወርወሪያዎቹን ወንዙን አሻግሯል… ሆስፒታል ተኝቶም አያርፍም። እኔ ግንብ እሠራለሁ፣ እሱ ሊያፈርስ ይመጣል፤ ስንት ዓመት ጨዋታችን ይኸው ነው። ድንጋይ በየተራው ተሰፍሮ ስለሚሰጠኝ ቆጥቤ ነው የምሠራው። ዛሬ የምሥራቁን ማማ አፍርሼ ክብ አደረግሁት፤ ማዕዘን ያለው ቶሎ ይናዳል። የውሃ ጉድጓዱንም ከበሩ አራቅሁት። ይምጣ እስቲ።

ጥር 9

ከሥራ መልስ ጠየቅሁት። ቢጫ ሆኗል። አፉ ግን ያው ነው። “ግንብሽ የሚያምረው ከሩቅ ነው” አለኝ። መኪና መንዳት ሲያስተምር የኖረ ሰው… ነርሷን ሳይቀር “ቀስ፣ መስተዋት እያየሽ” ይላታል። ሳቅን።

ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ ክንዴን ያዘችኝ። ሐኪሙ አነጋግሯታል። ጉበቱ አልቋል። ቀዶ ጥገናም አይሞከርም… ከወር አያልፍም ነው ያላት። “እንዳይሰማ። ከሰማ በዚያው ነው የሚሄድብኝ” አለች። ማልኩላት። ተመልሼ ገብቼ ትራሱን አስተካከልኩለት። ፊቴን እንዴት አድርጌ እንደያዝኩት አላውቅም።

ጥር 10

ለምን እሱ?

ጥር 14

ተራው የእኔ ነው፤ አስጠበቅሁት። ምን ልሥራ? አሸንፎኝ አያውቅም። አንድም ጊዜ። ሁልጊዜ “የሚቀጥለው ላይ እንተያያለን” ይላል። የሚቀጥለው የለም… እኔ አውቃለሁ፣ እሱ አያውቅም። የማተሚያ ቤቱ ማሽን እየተንጫጫ ቁጭ ብዬ ሳስብ ቆየሁና፣ በሰሜን በኩል ከጋጣው ኋላ ያለውን የድንጋይ ቅጥር አንስቼ የእንጨት አጥር ተከልኩበት። ድንጋዩን ለማማው የፈለግሁት አስመሰልኩ። የእሱ ቃኚ አንዴ ቢዞር ያየዋል። ይግባ። አንዴ ደስ ይበለው። ላክሁት። ቀለል አለኝ መሰለኝ።

ጥር 16

ተራውን አልላከም። ትናንትም አልላከም። አሞት ይሆን?

ጥር 17

ሄድኩ። ሚስቱ ልብስ ልትቀይር ቤት ሄዳለች። ስልኩ ደረቱ ላይ ነው። ቀና ብሎም አላየኝ።

“ይሄን አጥር አንቺ አልሠራሽውም” አለ።

“ድንጋይ አንሶኝ ነው።”

“አንቺ? ድንጋይ ቢያንስሽ በሩን ትደፍኛለሽ እንጂ ለእኔ መንገድ አትከፍቺም።” ከዚያ ቀስ ብሎ፣ “ሐኪሙ ምን አላችሁ?”

መዋሸት ነበረብኝ። ስንት ውሸት አዘጋጅቼ ነበር የገባሁት፤ አንዱም አልወጣ አለኝ። አለቀስኩ። በቃ፣ መልስ ሆነ።

ስልኩን ትራሱ ሥር ከተተ። “እሷ እንዳትሰማ” አለኝ። “በእሷ ቤት አላወቅሁም። እንቅልፍ የሚወስዳት እኮ በዚያ ነው።” ልወጣ ስል ደግሞ፣ “አጥሩን መልሺው። በድንጋይ።”

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ቤተሰቡ ሁሉ አፉን ለጉሞ የያዘውን እኔ አጥር ሠርቼ ነገርኩት። ላስደስተው ብዬ። ምነው እጄን በቆረጠው።

ጥር 18

መለስኩት። ድንጋይ በድንጋይ። ማማው ጎደሎውን ቀረ።

ጥር 23

ሚስቱ ፊት ይቀልዳል። “ስወጣ መጀመሪያ መንዳት የማስተምረው አንቺን ነው” ይላታል። ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። እሷ ለእሱ ትዋሻለች፣ እሱ ለእሷ፣ እኔ የሁለቱንም ውሸት እጠብቃለሁ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

የካቲት 1

ጠዋት ተራውን ላከ። ያለውን ሠራዊት በሙሉ ወደ ዋናው በር፣ ግንቡ በጣም ወደሚጠነክርበት። መሰላል እንኳ አላስያዛቸውም። ሁሉም አለቁ። “አሸንፈሻል” አለኝ ስክሪኑ። ተናዶብኝ ነው? ደክሞት ነው? ልደውል አስቤ… ምን ብዬ?

የካቲት 3

ሊነጋጋ ሲል ዐረፈ። ሳልደውልለት።

የካቲት 12

ሚስቱ ጋ ነው የሰነበትኩት። ለቅሶ የሚመጣው ሰው እየሳሳ ነው። ማተሚያ ቤት ነገ ግቢ ብለውኛል። ዛሬ ልብሱን ስናጣጥፍ ሸሚዙን ጭኗ ላይ ዘርግታ ቆየች።

“አንድ ነገር ነው የሚያጽናናኝ” አለች። “ምንም ሳያውቅ ነው የሄደው። አንቺ ባትኖሪ ከአፌ ያመልጠኝ ነበር።”

“አዎ” አልኳት። ሸሚዙን ተቀብያት አጠፍኩት።