በሳፋ የገባችው ጋንጋ

ካርቲክ 22፣ ሰኞ

የጎረቤቴ የእማማ ባግዋንቲ ዳሌ ዛሬም አልተሻለውም። ከወደቁ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። ምላሳቸው ግን ደህና ነው… ጠዋት ምራታቸውን ማልቲን "ይሄ ምስር ነው ወይስ የልብስ እጣቢ?" ሲሏት በግድግዳው ሰማሁ። የሚያሳስባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። በካርቲክ ወር ሙሉ ጨረቃ ቀን በቅድስት ጋንጋ ወንዝ ሳይታጠቡ የቀሩበት ዓመት የለም። ልጃቸው ጊርዳሪ ደግሞ "የወንዙ ደረጃ ያዳልጣል፣ እማዬ፤ አላወርድሽም" ብሏል። አለቀ።

ካርቲክ 24፣ ረቡዕ

ፎቅ ላይ ያከራየኋት የዴንማርክ ፈረንጅ፣ ኢንገር፣ ስዕሏን ጨረሰች። ወንዙ፣ ደረጃው፣ ቤተ መቅደሱ፣ ጭጋጉ… ሁሉ በውሃ ቀለም። ሰው ግን የለበትም! "እኛስ የት ሄድን?" ብላት "ትንቀሳቀሳላችሁ" አለችኝ። ውሃው ዳር የቆመው ጎሽ ግን አለ እኮ! እሱስ አይንቀሳቀስም?

ካርቲክ 27፣ ቅዳሜ

ኢንገር ገበያ ስትወጣ ስዕሉን ለእማማ ወሰድኩላቸው። ለመጽናኛ ያህል… ምን ክፋት አለው? አፍንጫቸውን አስጠግተው አዩት።

"በምን ውሃ ነው የሳለችው?"

"በጋንጋ ነዋ። ራሴ ነኝ የምቀዳላት።"

"እንግዲያ እናት ጋንጋ እዚህ ውስጥ አለች።"

"አለች፣ እማማ።" ምን ልበል?

"እስከ ማታ ተይልኝ፣ ልጄ።" ተውኩላቸው።

ማታ… ወይ ጉዴ! ስዕሉን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ በእጃቸው አሽተው፣ ውሃውን በአናታቸው አፍስሰውታል! ግንባራቸው አረንጓዴ፣ ጆሮአቸው ሰማያዊ። ወረቀቱ ላይ የቀረው የጎሹ ቀንድ ብቻ።

"ታጠብኩ" አሉኝ ፊታቸው በርቶ። ቆይተው ግን ተከዙ። "ብቻ አልቀዘቀዘችኝም። ጋንጋ ትቀዘቅዝ ነበር…"

ካርቲክ 28፣ እሑድ

ለኢንገር ነገርኳት። ወረቀቱን አገላበጠችው። ቀንዱን አየችው። ከዚያ ሳቋ! እንባዋ እስኪወርድ። ተነሥታ ጊርዳሪ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ። እሱ መዳፎቹን አጋጥሞ "በምን ልካስሽ?" አላት።

"እንደገና እስላለሁ" አለች በተሰባበረ ሂንዲዋ። "አሁን ሰው ያስፈልገኛል። ታችኛው ደረጃ ላይ፣ ውሃው ውስጥ፣ አንድ አሮጊት። የማትንቀሳቀስ።"

ጊርዳሪ እናቱን አየ። እናቱ ጣሪያውን አዩ፣ እንደ ጨዋ ሰው።

ካርቲክ 30፣ ማክሰኞ፣ ሙሉ ጨረቃ

ጊርዳሪ አዝሎ አወረዳቸው፤ እኔና ማልቲ ከግራና ከቀኝ። "ቀስ፣ አንተ! የድንች ጆንያ ነኝ?" ልጃቸው እንደያዛቸው እስከ አንገታቸው ጠለቁ። "ቀዘቀዘችኝ! ቀዘቀዘችኝ!" እያሉ ሲስቁ፣ ሲያለቅሱ፣ ውሃ ሲረጩን… ኢንገር ከደረጃው "አይንቀሳቀሱ!" ብትላቸው ማን ሰምቶ! የሳለቻት አሮጊት ሦስት እጅ አላት።

ማምሻውን ማልቲ መጣች። የጊርዳሪን ወገብ የምታሽበት የሰናፍጭ ዘይት ፈልጋ ነው። መነሣት አቅቶታል።

"እማማስ ምን አሉ?" ብላት፣

"'ለሚመጣው ሙሉ ጨረቃ ይድንልኛል' አሉ" አለችኝ።