ግማሽ ክኒን

አሰላ፣ ጥቅምት 1964 ዓ.ም.

ለምናፍቅህ ወንድሜ ለጋሼ ሣህሌ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የጭላሎ ተራራ እንኳ ከክረምቱ ደመና ወጥቶ ታይቷል፤ ብቅ ያላልከው አንተ ብቻ ነህ።

ገብሱ ዘንድሮ አምሯል። አባባና ጓደኛቸው ኦቦ ሀሰኖ ከሮቤ ገበያ ሲመለሱ፣ አባባ አንተን በቡላው ፈረስ አፈናጥጠው እስከ ደጃችን ሲሽቀዳደሙ ትዝ ይልሃል? እኔ አጥር ላይ ወጥቼ በቅናት አለቅስ ነበር።

ሁለቱ አሁንም አይለያዩም። ሐኪሙ ለአባባ የደም ብዛት ክኒን ሲያዝላቸው፣ «በየቀኑ አንድ ይዋጡ፤ ሻል ቢልዎትም አያቋርጡ፤ ለሌላ ሰውም እንዳይሰጡ» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን፣ «በሮቤ መንገድ አንድ ጋቢ ለብሰን ያደርን ሰዎች፣ ዛሬ ሀሰኖን ራሱን እያመመው እኔ ብቻዬን ልዋጥ?» ብለው ክኒኗን ለሁለት ሰብረው ያካፍሏቸዋል። ይተዉ ብላቸው፣ «አንቺ ደግሞ ስስትን ከማን ተማርሽው?» ብለው ተቆጡኝ።

አባባ ቡላውን መጋለብ ትተዋል። ፈረሱ አርጅቷል ይላሉ። ያረጀው ፈረስ ትናንት አጥር ዘሎ ወጣ።

ኦቦ ሀሰኖ ሰሞኑን ከአልጋ አልተነሡም፤ ወደ እኛም አልመጡም። አባባ ግን ዛሬም ግማሿን ውጠው፣ የእሳቸውን ግማሽ መስኮቱ ላይ አኖሩላቸው። ግማሾቹ እዚያው ተደርድረዋል።

እማማ ጉንጭህን ስማሃለች። አባባ የአንተን ቃል ይሰማሉ። ለገና እመጣለሁ ብለሃል፤ ገና ግን ሩቅ ነው፣ ጋሼ።

ታናሽህ አሰፋች