ምንጭ ያልተጻፈበት ካርድ

ለተወደድሽው ልጄ፣

ሰላምታዬ ደጃፍሽን አንኳኩቶ በሙሉ ጤና ያግኝሽ። እንደምን ሰንብተሻል? የባለቤትሽ የወገብ ሕመምስ ተሻለው? ትልቋ ዋሽንቷን ትለማመዳለች ወይስ ሰለቻት? ትንሹስ አሁንም ጫማውን አገላብጦ ነው የሚያደርገው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ቃል ባለፉት አራት ወራት በስልክ ደጋግሜ ብልሽም፣ ዛሬ የምጽፈው ግን አምኜበት ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። በስልክ አንቺ ትቸኩያለሽ፤ እኔ ደግሞ ዙሪያውን ስዞር ወደ ዋናው ነገር ሳልደርስ እንሰነባበታለን። ከዚህም በላይ ጥፋቱ የተፈጸመው በጽሑፍ ነውና ይቅርታውም በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው።

እንደምታውቂው «ያውቁ ኖሯል?» የተሰኘውን የጋዜጣ ዓምድ ሠላሳ አንድ ዓመት አዘጋጅቻለሁ። ኦክቶፐስ ሦስት ልብ እንዳለው፣ ሻርኮች በምድር ላይ ዛፍ ከመብቀሉ አስቀድሞ በባሕር ይዋኙ እንደነበር፣ በቬነስ ላይ አንዱ ቀን ከአንዱ ዓመት እንደሚረዝም፣ አንድ ሰዓት እንኳ ያልሞላ ጦርነት በታሪክ ተመዝግቦ እንደሚገኝ ለአንባቢዎቻችን አድርሻለሁ። ዎምባት የሚባለው እንስሳ ፋንድያው እንደ ስኳር ኩብ ማዕዘን ያለው ነው ብዬ የጻፍሁ ዕለት የጽሕፈት ክፍላችን ሠራተኛ ታይፑን አቁማ፣ «ጋሼ፣ ይኼንንስ ከራስዎ ነው ያመጡት» አለችኝ። ካርዱን ገልብጬ መጽሐፉንና ገጹን አሳየኋት። ሕጌ ይህ ነበር፦ በእያንዳንዱ ካርድ ፊት ነገሩ፣ በጀርባው ምንጩ ይጻፋል። ጀርባው ባዶ የሆነ ካርድ ወደ ማተሚያ ቤቱ አይወርድም። በዚህ ሕግ ስንቱን ጀማሪ ጋዜጠኛ አስለቅሻለሁ።

አሁን ዓምዱ ተሰብስቦ መጽሐፍ ሊሆን ነው። ከአራት ወር በፊት ከቤትሽ ወጥቼ ክፍል ስከራይም ለዚህ ሥራ ጸጥታ እፈልጋለሁ ብዬሽ ነበር። አሳታሚው የመደበልኝ አርታኢ ወጣት ሴት ናት፤ ከካርድ ፊት ይልቅ ጀርባውን የምታምን፣ ቀልድ የማይጠፋባት፣ ግን ነጠላ ሰረዝ የማታልፍ። የዛሬ ወር ገደማ ደውላ፣ «ጋሼ፣ የጉንዳኗ ካርድ ጀርባው ባዶ ነው» አለችኝ።

የትኛዋ ጉንዳን እንደሆነች ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም። ሆኖም ቃሉን እንዳለ ልጻፈው፦ «ጉንዳን መሞቻዋ መቃረቡን ስታውቅ፣ ለቤተሰቧ ሸክም እንዳትሆን ከጎጆዋ ወጥታ ብቻዋን ትሞታለች።»

ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ጋዜጣው በወጣ በሳምንቱ ዋና አዘጋጃችን ከባለቤቱ ጋር ቤታችን ምሳ ተጋብዞ ሳለ፣ ጉልበትሽ አፈር እንደለበሰ ገብተሽ በእንግዶቹ ፊት ቆምሽ። ሦስት ቀን ከአጥሩ ሥር ተኝተሽ ስታዪ ከርመሻል። «አባዬ፣ ራሳቸው አይሄዱም። ሲሞቱ ሌሎቹ ተሸክመው ነው የሚያወጧቸው። አሥራ አንድ ቆጥሬያለሁ» አልሽኝ። እኔም፣ «በጋዜጣ የታተመውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው የጻፉት፤ ሂጂ እጅሽን ታጠቢ» ብዬ መለስሁሽ። ዋና አዘጋጁ እስኪያስለው ሳቀ፤ «እመት ጉንዳን» ብሎም ስም አወጣልሽ። ያ ስም ሁለተኛ ደረጃ እስክትገቢ አልለቀቀሽም። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳህን እያነሳች፣ «ልጅቷ ያየችውን ነው የተናገረችው፤ አንተ የት አይተህ ነው?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሽውን ነገር ለእኔ አምጥተሽ አታውቂም። አባጨጓሬውንም፣ የንቡን ክንፍም ለእናትሽ ነበር የምታሳዪው። ዛሬ ስለ ነፍሳት የምትጽፊውን ሁሉ በየመጽሔቱ እየፈለግሁ አነባለሁ፤ ከእጅሽ የተቀበልሁት ግን አንድም የለም። ቅሬታዬ አይደለም። እንደሚገባኝ አውቃለሁና ነው።

ልጄ፣ ያችን ጉንዳን የፈጠርኋት እኔ ነኝ፤ ይቅር በዪኝ።

ሐሙስ ቀን ነበር። የማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ ከምድር ቤት፣ «ዓምዱ ሦስት መስመር ጎድሎታል፤ ማሽኑ ቆሟል» ብሎ ላከብኝ። መሳቢያዬ በካርድ የተሞላ ነበርና ከዚያ አንዱን መምዘዝ በቂዬ ነበር። እኔ ግን ያን ዕለት ጠዋት የአባቴን፣ የአያትሽን፣ የኪራይ ክፍል አስረክቤ መመለሴ ነበር። አያትሽን ታስታውሺዋለሽ፤ ራዲዮ ካልጮኸለት እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። ከእኛ ጋር እየኖረ ሳለ አንድ ቀን ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ «የልጆች ጫጫታ አልቻልሁም፤ ጸጥታ እፈልጋለሁ» ብሎ ወጣ። እኔም ተቀየምሁ እንጂ አልጠረጠርሁም። በሁለት ወሩ ጎረቤቶቹ ሞቶ አገኙት። ክፍሉን ሳጸዳ ከኮቱ ኪስ የሐኪም ወረቀት ወጣ፤ የተጻፈበት ቀን ከቤታችን ከወጣበት ቀን በሦስት ቀን ይቀድማል። በመስኮቱ ደፍ ላይ ጉንዳኖች ተሰልፈው ይሄዱ ነበር። ቢሮ ስደርስ እጄ እነዚያን ሦስት መስመሮች ጻፈ። አንቺ በእንግዶቹ ፊት ቆመሽ «ራሳቸው አይሄዱም» ስትዪኝ የተቆጣሁት ስለ ጉንዳን አልነበረም።

አሁን ወደ አርታኢዋ ልመለስ። ለሳምንት ጠፍታ ከረመችና፣ «ጋሼ፣ ምንጩን አገኘሁልዎ» ብላ እየሳቀች ደወለች። ለካስ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ትንንሽ ጉንዳኖችን ተከታትለው፣ መሞቻቸው የተቃረበው ከመሞታቸው ሰዓታት ወይም ቀናት አስቀድመው ጎጆውን ለቀው ብቻቸውን እንደሚሞቱ አረጋግጠዋል። አንቺ ይህን ከእኔ በፊት ሳታውቂው አትቀሪም፤ ምነው ሳትነግሪኝ ብዬም አልወቅስሽም። አርታኢዋ ግን ሳቋን ገታ አድርጋ፣ «ጥናቱ የወጣው እርስዎ ከጻፉት ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ነው። እርስዎ ከየት አመጡት?» አለችኝ።

በዚያች ቅጽበት ማምለጫዬ ተከፍቶልኝ ነበር። ጠፍቶብኛል፣ አንድ አሮጌ መጽሔት ላይ ይመስለኛል ብል ታምነኝ ነበር፤ ካርዱም ጀርባው ተሞልቶ፣ እኔም ተከብሬ እኖር ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን አንቺ የቆጠርሻቸው አሥራ አንዱ ጉንዳኖች ናቸው። «ከራሴ ነው» አልኋት። «እንግዲያው ነቢይ ነዎታ» አለች። «የለም፣ ዕድል የቀናው ውሸታም ነኝ» አልኋት። ከዚያ ስለ አንቺ ነገርኋት። ስጨርስ፣ «ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ትክክል ነበረች» አለችኝ። ስልኩን ስዘጋ ትከሻዬ ቀለለኝ፤ ስንት ዓመት ጎብጬ እንደኖርሁ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ካርዱ በመጽሐፉ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ተጽፎ ነው፦ አዘጋጁ ይህን ያለ ምንጭ እንደጻፈው፣ በሳምንቱም የዘጠኝ ዓመት ልጁ በዓይኗ አይታ እንዳረመችውና እንዳልሰማት፣ ጤነኞቹ ጉንዳኖች ሙታናቸውን ተሸክመው ማውጣታቸው እርግጥ እንደሆነ፣ ጥቂት ዝርያዎች ደግሞ ሊሞቱ ሲሉ ራሳቸው እንደሚወጡ። ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት ይህ በሽታን ከጎጆው ለማራቅ ሊሆን ይችላል። «ሸክም» የሚለውን ቃል ሰርዤዋለሁ። ጉንዳን እንዲህ ያለ ከንቱ ነገር አታስብም፤ የሚያስበው ሰው ነው። ያለ ፈቃድሽ ግን አንድም ቃል አይታተምም። አይሆንም ካልሽም ካርዱ ይቀራል፤ የለመንሁሽን ይቅርታ ግን አልመልሰውም።

ሌላም ወሬ አለኝ። ማክሰኞ ዕለት ሐኪሙ የምርመራዬን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ «አባባ፣ የፈራነው ነገር አይደለም። ከዓመት በኋላ ብቅ ይበሉ» አለኝ። ጸጥታ ፈልጌ ነው ብዬሽ ከቤትሽ ስወጣ እኔም እንደ አያትሽ በኪሴ የሐኪም ወረቀት ነበረኝ። የትኛው ወረቀት፣ መቼ የተጀመረ ነገር ብለሽ በስልክ አትቆጪኝ፤ ስመጣ ፊት ለፊት ትቆጪኛለሽ። ከሐኪም ቤቱ ወጥቼ ሁለት ፌርማታ በእግሬ ሄድሁ፤ ከአንድ ጋዜጣ አዟሪ ጋር ያለ ምክንያት ስንሳሳቅ ቆየን።

የክፍሉን ቁልፍ ለአከራዬ መልሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሁለት ሻንጣና በአራት መሳቢያ ካርድ እደርሳለሁ፤ ባለቤትሽ በወገቡ ምንም እንዳያነሳ ንገሪው። አልጋዬ ከልጆቹ ክፍል አጠገብ ይሁን። ጸጥ በሉ እንዳትያቸው።

ፈጣሪ ቤትሽን በሰላም ይሙላልሽ፤ የልጆችሽን ልጆች አቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ፤ ዓይንሽ ያየውን አፍሽ ከመናገር አይከልከልሽ።

ሁልጊዜ የሚወድሽ፣
አባትሽ