ሽንሽን ለብሰው የመጡት ሽማግሌ

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ሥራ ዋልኩ። ላውንድሪው ዛሬም ክምር ነበር፤ የሲኒየርስ ሆሙ አረጋውያን አንሶላ መቼ ያልቃል... ጀርባዬ ተሰብሯል።

ጠዋት ግን ጉድ አየሁ። እዚህ ካልጋሪ፣ ማርልቦሮ ጣቢያ ባቡር ስገባ ፊት ለፊቴ አንድ ጢማም ፈረንጅ ቀሚስ ለብሶ! ያውም ሽንሽን! እግሩን ዘርግቶ ስልኩን ይነካካል። ምን አገባኝ ብዬ ዝም ማለት አቃተኝ። መልእክት የማነብ መስዬ ፎቶ አነሳሁትና ለጓደኛዬ ለደመቀች ላክኩላት። "በጨለማ የሚስቱን ለብሶ ወጥቶ ይሆናል" አለችኝ። ወይ ይቺ ሴት! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ከሷ ጋር ከተቀመጥኩ ሳቅ ነው።

ማታ ቤት ስገባ ልጄ መክሊት ደወለች። "እማ፣ እነ ኢወን ሽማግሌ ሊልኩ ነው። ሰንደይ፣ ጥቅምት 23።" ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። አባቷ ቢኖር... ዘንድሮ አሥር ዓመቱ። እጮኛዋ ኢወን ፈረንጅ ቢሆንም ሰው ያከብራል። ሽማግሌ ላክ ያለው የለም፤ ወጉን ራሱ ጠይቆ ነው። ደስ ብሎኛል። በጣም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ መክሊትና ጋሼ መኳንንት እኔ ቤት መጡ። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ የቤቱ ትልቅ፣ ሽማግሌ የሚቀበለውም እሱ። መክሊት ስልኳን አወጣች።

"የኢወን አያት ነው። ሽማግሌ ሆኖ የሚመጣው እሱ ነው።"

"እሳቸው በዪ እንጂ" ልላት አፌን ከፍቼ... ፎቶውን አየሁ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው አለች። ነጭ ፀጉር፣ ኮት፣ ክራቫት፣ ከወገብ በታች ያው ጉድ። ሽንሽን። ጉልበታቸው ራቁቱን።

"ኪልት ነው እማ። ስኮትላንዶች ናቸው። ለትልቅ ቀን ነው የሚለበሰው፣ ዩ ኖው፣ ለክብር።"

ጋሼ መኳንንት ስልኩን ገፋው። "ቀሚስ የለበሰ ሽማግሌ በዚህ በር አይገባም። ሰው ምን ይለናል?"

እኔስ? መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። ቀጥሎ ፍርሃት። ዕድርተኛው፣ ደመቀች... ያቺ ፎቶ! "ሱሪ ይልበሱ በያቸው" አልኳት።

"ኦኬ እማ።"

ያቺን ኦኬ አውቃታለሁ። ሻይዋን ሳትጠጣ ሄደች።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ስልክ አታነሳም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ዛሬም የለችም። "ቢዚ ነኝ እማ" የሚል ቴክስት ብቻ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። የሰው ሳቅ ነው የሚብስብኝ ወይስ እሷን ማጣት? ይሉኝታ ገደለኝ።

ሥራ ቦታ ለዓብዱልቃድር ነገርኩት። የሐረር ልጅ ነው፣ ማሽኖቹን የሚጠግንልን። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

"እትዬ አፀደ፣ አባቴ ዕድሜ ልኩን ሽርጥ ነው ያሸረጠው። በሽርጥ ሰባት ልጅ አሳደገ። ማን ሴት ነህ አለው?"

የኔም አባት ጎጃም ውስጥ ቁምጣ ነበር የሚለብሰው። ጉልበቱ በብርድ አመድ ሲመስል እያየሁ ነው ያደግኩት፤ አንድ ቀን አፍሬበት አላውቅም። ታዲያ የሰው አያት ጉልበት ምን አደረገኝ?

ደወልኩ፣ አላነሳችም። መልእክት ተውኩላት። "የፈለጉትን ይልበሱ። ጋሼን ለኔ ተዪው።" ለጋሼ ምን ብዬ ነው የምነግረው...

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ኢወን መጣ፣ ብቻውን። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ ሁለት ጊዜ እጅ ነሳኝ። በከረጢት የአያቱን ኪልት ይዟል። ሽማግሌው ከስተዋል፣ ዘለበቶቹ ትንሽ ይጠበቡ ነው። መክሊት "እናቴ ስፌት ትችላለች" ብላዋለች። ታረቅን ማለት ነው? እሰይ!

እሱ ሲሄድ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ለራሴ አልዋሽም... ያምራል። ከባድ አረንጓዴ ሱፍ፣ ሰባት ሜትር የሚሆን። ሽንሽኑ በእጅ ነው የተሰፋው፣ አንድ በአንድ። ፒያሳ ስንት ዓመት ቀሚስ ሰፍቼ እንዲህ ያለ ሽንሽን አልወጣኝም።

ዘለበቶቹን አዛወርኩ፣ ቀላል ነው። ግን ፊት ለፊቱ ክፍት! ሁለት ጨርቅ እላይ በላይ ተደርቦ ዝም ብሎ ተለቋል። ሰፊው ረስቶት ነው? የካልጋሪ ነፋስ ቢመጣስ? ያውም ጋሼ መኳንንት በር ላይ ቆሞ? እመቤቴ ድረሽ! ከወገብ እስከ ጫፍ ጥርቅም አድርጌ ሰፋሁት። አረንጓዴው ክር መጨረሻ ላይ አለቀብኝ፣ ጫፏን በነጭ ዘጋሁ።

ጎበዝ ነኝ። አሁን ማንም አይስቅባቸውም።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ሳልረሳው ልጻፈው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሦስት ሆነው መጡ። ሚስተር ሂዩ፣ አያትየው። የኢወን አባት፣ ባለ ሱሪ። የሚያስተረጉምላቸው አቶ ኪራኮስ። ማዶ ያለው ጎረቤት በረዶ መጥረጉን ትቶ ቆሞ አየ። ያለፈ መኪና ጥሩንባ ነፋ። በሥራ ልታግዘኝ የመጣችው ደመቀች በመጋረጃ አጮልቃ "በስመ አብ!" አለች። አፈርኩ፣ አዎ አፈርኩ።

ለጋሼ አስቀድሜ ነግሬው ነበር፣ ኩርፊያው ግን አልለቀቀውም። ቢሆንም በሩን ከፈተ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ቆሙ። ሚስተር ሂዩ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በአማርኛ፣ ስንት ቀን እንዳጠኑት እንጃ...

"ልጃችሁን... ለልጃችን... ብለን መጣን።"

ጋሼ መኳንንት ጉልበታቸውን አየ። "ለዛሬ ሂዱ። ስትመለሱ እንደ ወንድ ለብሳችሁ ኑ።"

አቶ ኪራኮስ አልተረጎመውም። የጋሼን ፊት ላየ ግን ማን አስተርጓሚ ይፈልጋል? ሽማግሌው ከዘራቸውን አጥብቀው ያዙ። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሆኜ አያለሁ። ፀጉራቸው ለምንድነው እንዲህ የቆመው? ቅንድባቸው ላይ ያለው አረንጓዴ ብናኝስ? መክሊት ከኋላዬ ክንዴን ያዘችኝ።

"እማ፣ ምንድነው ያደረግሽው? ኪልት እኮ ተጠቅልሎ ነው የሚለበሰው። ሰፍተሽ ዘጋሽው! በጭንቅላታቸው ነው ያጠለቁት፣ ኢወንና አባቱ እየጎተቱላቸው።"

"ለምን አልተረተሩትም?"

"ኢወን መቀስ አምጥቶ ነበር። እምቢ አሉ። 'የልጅቷ እናት ሰፍታዋለች፤ ምክንያት ይኖራታል' አሉ።"

ክው አልኩ። እኔ ልብሳቸውን ለማስቀየር ልጄን አስኮርፌ፣ እሳቸው የኔን ስህተት ወግ መስሏቸው በዚያ ዕድሜ በጭንቅላታቸው አጠለቁ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

በሽምግልና መሃል ሴት አትናገርም። እኔ ግን ከወጥ ቤቱ ወጣሁ። ወንበር ጎተትኩ።

"ይቀመጡ አባቴ።"

"አፀደ!" አለ ጋሼ።

"ልጄን ሰጥቻለሁ። ነገ ተቆጣኝ፣ ዛሬ ግን ሰጥቻለሁ።"

አቶ ኪራኮስ ተረጎመላቸው። ከዚያ ደመቀች፣ ያቺው ደመቀች፣ እልልታዋን አቀለጠችው። "እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም!" መክሊት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔም።

ከምሳ በኋላ የስፌቱን ነገር ለሁሉም ተናዘዝኩ። የጋሼ መኳንንት ትከሻ ተንቀጠቀጠ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "በጭንቅላታቸው?" ይላል፣ ደግሞ ይስቃል። ሚስተር ሂዩም አብረው። "አሥር ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ቆሜያለሁ" አሉ።

እንደ ገባው መውጣቱም በጭንቅላት ነበር። ጋሼ ራሱ መኝታ ቤት ወስዶ አወለቀላቸውና የባሌን ጋቢ ደረበላቸው። እሳቸው ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ተረተርኩ። ጋሼ አጠገቤ ሽንሽኑን ይቆጥራል። "ሃያ ስምንት! ይኼ ሰፊ ጤነኛ ነው?" ነጯ ክር ላይ ስደርስ ሚስተር ሂዩ እጄን ያዙ። ከውስጠኛው ጨርቅ አላቅቂያት፣ ከላይኛው ላይ ግን ትቅር አሉ።

"ለምን?"

"ማን እንደሰፋው ይታወቅ።"

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ጋሼ ደወለ። "ለሠርጉም ያንኑ ነው የሚለብሱት?" "አዎ።" "አሁንም ቀሚስ ነው እኮ አፀደ..." አለና "ካልሲው ግን ወፍራም ይሁን፣ ጥር ነው" ብሎ ዘጋው።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ከሚስተር ሂዩ ጋር የሠርጉን አዳራሽ ልናይ ሄድን። በባቡር። ኪልታቸውን ለብሰው መጡ፤ "የሠርግ ጉዳይ ነው" አሉ። ጣቢያው ላይ ሁለት ጎረምሶች አፏጩ። እሳቸው ኮፍያቸውን አነሱላቸው። ለምደውታል መሰለኝ... ስንት ዓመት?

ባቡሩ ውስጥ አንዲት ሴት ፊት ለፊታችን ተቀመጠች። መልእክት የምታነብ መስላ ስልኳን ወደኛ ቀና አደረገች። እኔን ልታታልል? ፊቴ ጋለ። በሷ አይደለም፣ በራሴ ነው።

ክንዴን በክንዳቸው አስገባሁ።

"በደንብ አንሺን እንጂ" አልኳት።

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "ሶሪ፣ ሶሪ..."

"የምሬን ነው። እኔም ልግባበት።" ነጠላዬን አስተካከልኩ። አነሳችን፣ ላከችልኝም። ስትወርድ ለሚስተር ሂዩ "ያምርብዎታል" አለቻቸው።

ቤት ገብቼ የጥቅምቷን ፎቶ ፈልጌ ዲሊት አደረግኩ። ያ ጢማም ሰውዬ ማን ይሁን? ወዴት እየሄደ ነበር? ምናልባት እሱም ልጅ ሊጠይቅ... ይቅርታ ልለው ብፈልግ የት አገኘዋለሁ?

የዛሬዋን ለደመቀች ላክኩላት። ነጯ ክር ትታያለች። ከሥሩ "አባቴ ናቸው" ብዬ ጻፍኩበት።