መሐሉ የሌለው ጋዜጣ

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ
ታንጉት ዛሬ ትንሽ ተሻላት። ኩላሊቷን አሟት ከጎንደር ሐኪም ቤት ከተመለሰች ወዲህ ካልጋ አልወረደችም። ጎረቤት ናት፣ ምን ይደረግ… አጥሚት ወሰድሁላት፣ ግማሹን ጠጣች።
"ውቢት፣ አንቺ ባትኖሪ ጅብ በበላኝ።"
"አጥንት ብቻ ሆነሽ ጅቡስ ምን ሊያደርግሽ!"
ሳቀች፣ ጎኗን ይዛ። ባሏ ከሞተ ያለቻት ልጇ አምሳል ብቻ። አምሳልና የኔዋ ሰገነት እኩል ተማሩ፣ እኩል በሒሳብ አያያዝ ተመረቁ፣ እኩል ቤት ተቀመጡ። ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ቀጣሪው ሁሉ "አዲስ ተመራቂ" ነው የሚል። እስከ መቼ አዲስ ይሆናሉ?

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ
ኔቱ አንድ ቀን ብልጭ ብሎ ሳምንት እየጠፋ ስላስቸገረ ለሰገነት የሥራ ማስታወቂያ ብዬ የዓመት ከፍዬ የጋዜጣ ደንበኛ ገብቻለሁ። አምሳልም አብራ ታነባለች። ሰኞ የታተመው ደባርቅ የሚደርስ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ እኔ ገበያ ድንቼ ላይ ነኝ፣ ሰገነትም ትመዝንልኛለች። የጋዜጣው ወኪል፣ ባለሱቁ ባዘዘው፣ ቤታችን ዝግ ሲሆንበት ለታንጉት ሰጥቶ ይሄዳል።
ዛሬ ስንዘረጋው መሐሉ የለም! ከገጽ ስምንት ወደ ገጽ አሥራ ሦስት። የሥራው ማስታወቂያ ያለበት ቅጠል… ወድቆ ይሆን?

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ
ዛሬም የለም። መናኸሪያ አጠገብ ካለው ሱቁ ሄድሁ።
"ባዘዘው፣ መሐሉስ?"
"እትዬ ውቢት፣ እኔ እንደመጣልኝ ነው የማደርስ።"
"ታዲያ ማን በላው?"
"እንጃ… የአየር ጠባዩ አለልዎ፣ ኳሱ አለልዎ። ያለውን ያንብቡ እስቲ!"
ተራ አስከባሪዎቹ ሳቁ። "ለድንች መጠቅለያ ከሆነ ይበቃል" አለ አንዱ ከኋላ።
ጎንደር ደወልሁ። የጋዜጣው ማከፋፈያ ሴትዮ፣ "ከኛ ሙሉውን ነው የሚወጣ፣ ወኪሉን ያነጋግሩ።" ወኪሉ፣ "ጎንደርን ያነጋግሩ።" እኔ ኳስ ነኝ እንዴ?
ለታንጉት ነገርኋት። ካልጋዋ ቀና አለች። "ሌባ ነው! ገጹን ፎቶ ኮፒ እያደረገ ለሥራ ፈላጊ ይቸበችበዋል። እንዳትምሪው!"
እንዲህ ተቆርቁራልኝ… እሷ እያመማት።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ
እንደዚያው። ከስምንት ወደ አሥራ ሦስት።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ
ከዳባት የመጣች ነጭ ሽንኩርት ሻጭ ናት የነገረችኝ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ዳባት ቢሮ ሊከፍት ሒሳብ ሠራተኛ ፈልጎ ነበር። አዲስ ተመራቂ። ጋዜጣ ላይ ወጥቶ… ምዝገባው ትናንት አለቀ። ትናንት!
ሰገነት ሚዛኑን መወልወል ጀመረች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።
ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ሱቁ ሄድሁ። "የልጆቻችንን እንጀራ እየቆረጠ የሚሸጥ ይኸ ነው!" ብዬ ጮህሁ። መናኸሪያው ግልብጥ ብሎ መጣ።
"በኪዳነምሕረት! ሙሉውን ነው ለእትዬ ታንጉት የሰጠሁ" አለ።
"ደግሞ ባልጋ ላይ በሽተኛ ልታላክክ?!"
ፊቱ ላይ ተፋሁበት። ሰው አጨበጨበ። ደስ አለኝ… ለራሴ ምን እዋሻለሁ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ
ጎንደሮች ውክልናውን ነጠቁት። ፊርማ አሰባስቤ የላክሁ እኔ ነኝ።
ሚስቱ ፍቅርአዲስ ልጇን አዝላ መጣች። "እትዬ ውቢት፣ ሱቁን ያቆመልን ጋዜጣው ነበር። ይቅር ብያለሁ ይበሉልን፣ አንድ ቃል…"
"ለኔ ልጅ ማን ቃል ተናገረላት?" ብዬ በሩን ዘጋሁባት። ብርዱ ይጋረፋል። ሕፃኑ ደጅ ሲያስል ይሰማኝ ነበር። ቶሎም አልሄደች።
ለታንጉት ስነግራት "ጎሽ!" አለች።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ
አምሳል ሥራ አገኘች! ዳባት… ያው ድርጅት።
"ዘመድ ጠቁሞን ነው" አለች ታንጉት። ለኛስ ለምን አልነገሩን? አልጠየቅሁም። የሰው ደስታ ላይ ነገር አይመዘዝም። እልል አልሁ። ሰገነትም እልል አለች፣ መሐል ላይ ድምጿ ተሰበረ።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ
አምሳል ሥራ ሄዳለች፣ ማን አለላት ብዬ የታንጉትን ፍራሽ ፀሐይ ላሰጣላት አነሣሁ። ሥሩ ጋዜጣ ተደራርቧል። ሁሉም ከገጽ ዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት። የዳባቱ ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል።
ዞር ብል ታንጉት በርጩማ ላይ ሆና ታየኛለች። አልደነገጠችም።
"ታንጉት… እኛ እኮ አብረን ነበር የምናነብ።"
"ቀጣሪ ሁሉ አንድ አንድ ሰው ነው የሚፈልግ" አለችኝ። "ሰገነት በነጥብ ትበልጣታለች። አብረው ቢወዳደሩ አምሳልን ማን ያያታል? አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ ነግደሽ ታበያታለሽ። እኔ ነገ ብሞትስ?"
"ባዘዘውስ? ምን በደለሽ?"
"የተፋሁበት እኔ ነኝ?"
ፍራሹን አሰጣሁት። አንሶላውንም አጠብሁት። ለምን አጠብሁት?

ኅዳር 27፣ ዓርብ
ወደ ባዘዘው ሱቅ ሄድሁ። ተቆልፏል። ከነልጃቸው በየዳ፣ ሚስቱ አገር ገብተዋል አሉኝ።
ጎንደር ደወልሁ። "ደባርቅ ወኪል ስለሌለን ጋዜጣ አንልክም።"
"የዓመት የከፈልሁትስ?"
"በወኪልዎ በኩል ያመልክቱ።"
"ወኪሉን አባራችሁት የለም እንዴ?"
"ፊርማውን የላኩት እርስዎ አይደሉም፣ ወይዘሮ ውቢት?"
ዘጋሁት።
ሰገነት "ማን ነው እማየ?" አለችኝ። "ማንም" አልሁ። አልነገርኋትም። ብነግራት የባዘዘው ነገር ይወጣል… ያጨበጨበልኝ ሰው ሁሉ ደግሞ ይሥቅብኛል።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ
ከቅዳሴ መልስ ታንጉትና አምሳል መጡ። ታንጉት በእግሯ፣ ጥቁር ከዘራ ተደግፋ። ፊቷ ሞልቷል። አምሳል ዳቦ ይዛለች፣ ለመጉረስ እንኳ ቀና አላለች።
ስለ ብርዱ አወራን። ስለ ድንች ዋጋ።
"ውቢትዬ" አለች ታንጉት፣ "አምሳል ዳባት ቤት ልትከራይ ነው። ብቻዬን ማደር ፈራሁ። ሰገነት ድንች ስትመዝን ከምትውል እኔ ዘንድ ትሁን። ታጥብልኛለች፣ ታበስልልኛለች። አምሳል በየወሩ ትከፍላታለች።"
ቀጥላም፣ "ሒሳብም ተምራለች፣ የመድኃኒቴን ወጪ ትይዝልኛለች" አለች።
አፌን ከፈትሁ። ታንጉት ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀችኝ። ዘጋሁት።
ሰገነት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች።
"ከነገ ልጀምር?" አለቻት።