ካሜራው ፊት ስምህን ጠራሁት

ለምወድህ ወንድሜ በቃሉ፣

ሰላምታዬ ባሕሩንም በረሃውንም ተሻግሮ በጤና ያግኝህ። እንዴት ነህ? ባለቤትህ ታንጉትስ? ልጆቹስ ትምህርቱን እንዴት ይዘውታል? እማማስ ጉልበቷ ተሻላት ወይ? እኔ ጌታ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ማክሰኞ በማለዳ ደውዬ «ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» ብዬ የዘጋሁብህ ግን በደኅና አልነበረም። በስልክ እንዳልነግርህ እንባ ይቀድመኛል፤ ስለዚህ ልጻፍልህ።

ፊልም ሊሠራ መጣ ያልኩህ አሜሪካዊ፣ ሚስተር ሃርካም፣ የነገሩ ምንጭ እሱ ነው። ሰባ ሊሞላው ነው። በወጣትነቱ የአንዲት ትንሽ ከተማ ቴሌቪዥን ጣቢያ ገመድ ተሸካሚ ነበር አሉ። ከዚያ ፕሮዲውሰር ሆኖ አንድ የፖሊስ ድራማ አሥራ አንድ ዓመት አስኬደ፤ በኋላ ደግሞ የሌላ ሰው ሥራ ማስተባበር ሰለቸኝ ብሎ ራሱ ዳይሬክተር ሆነ። ሽልማቱ መደርደሪያ ሞልቷል ይባላል። ወሬውን የማገኘው ከሔርሜላ ነው፤ የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን የሱ ረዳትና አስተርጓሚ። ሁለተኛ ሚስቱ ተዋናይት ነበረች አለችኝ። ቀረጻ ላይ እንባ እምቢ ሲላት «ውሻሽ ሞተ» አላት። አለቀሰች፣ ተቀረጸች፣ ተሸለመች፣ ፈታችው። ውሻው እቤቱ ተኝቶ ነበር። ያኔ ስቄያለሁ፤ ምን አውቄ!

አሁን የሚሠራው ኦስሎ ስለምንኖር የኛ አገር ሰዎች ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን መርጦ ለእኔም ትንሽ ቦታ ሰጠኝ፤ ከቤት ወደ ሥራ ስወጣ መቀረጽ ብቻ ነው አለኝ። ለካስ ጋሽ ኢተፋን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ፣ እኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ጠይቋቸው ኖሯል። እሳቸውም ባህል ተጠየቅሁ ብለው ደስ ብሏቸው፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በማለዳ፣ ተሰብስቦ ተሂዶ ነው ብለው አስረዱት። እሱም «እንግዲያው እንዲሁ ሂዱላት፤ ፊልም መሆኑን ፋንታዬ ታውቃለች» አላቸው።

ማክሰኞ ማለዳ ሞርተንሩድ፣ እኔ ቤት፣ ካሜራው ኩሽናዬ ውስጥ ተተክሏል። ለቫክቴ፣ ለሥራ ተራዬ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ጋሽ ኢተፋ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር፣ ጋቢ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። በቃሉ፣ አፋቸውን አልከፈቱም። እኔ ግን «በቃሉዬ! ወንድሜ!» ብዬ ወለሉ ላይ ወደቅሁ። ደረቴን ደቃሁ፤ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ጋሽ ኢተፋ ደንግጠው «ኧረ ልጄ፣ ፊልም ነው! ፊልም ነው እኮ!» እያሉ አብረውኝ አለቀሱ። ካሜራው ግን አልቆመም።

ሌት ተቀን የሚያብሰለስለኝ ይኸው ነው፤ ስምህን ማንም አልጠራውም። እማማ አርጅታለች፣ ዘመዱ ብዙ ነው፤ እኔ ግን አንተን ጠራሁ። የልብህን ኦፕራሲዮን ወደ መስከረም አሻገርኩት ብለህ ከጻፍክልኝ ወዲህ ለካ ውስጤ በር በሩን ሲያይ ከርሟል።

ከዚያ ወረቀት መጣ። ካልፈረምኩ ለቅሶዬን ማሳየት አይችልም፤ እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ተባልኩ። ትናንት ቢሮው ሄድኩ። ሔርሜላ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እንጀራዋ በሰውየው እጅ መሆኑን እያወቀች፣ በአማርኛ «እትዬ ፋንቱ፣ እምቢ በይው» አለችኝ። እሱ «በአርባ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ እውነት አልቀረጽኩም» አለ። «እውነት ስለሆነማ ነው የማልፈርመው፤ ወንድሜ በሕይወት እያለ ለቅሶውን ለሰው አላሳይም» አልኩት። ሰውየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሲሞትስ?» ቀልዱን አይደለም እኮ!  ደሜ ፈላ። «እሱ ከአንተ በሠላሳ ዓመት ያንሳል፤ ቀባሪህ ነው በይው!» አልኳት። ሔርሜላ ፊቷ ቀላ፤ «ይህንንስ አልተረጉምም» አለች፤ ቀና ብላ አይታኝ ግን ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ሚስተር ሃርካም ከመቀመጫው ተነሣ። ከዚያ ወረቀቱን ቀዶ፣ ቀረጻውን ዓይኔ እያየ አስጠፋው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ በባዕድ ፊት ለዕድሜህ ዋስ ሆኛለሁ። መስከረምን አትጠብቅ። በዚህ ሳምንት ሐኪሙ ጋ ሂድና ቀን አስይዝ፤ አታሳፍረኝ።

እማማን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን እንዳታነብላት። ልጆቹን፣ ገነነንና ሜሉን፣ ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ለጎረቤታችን ለጋሽ አለባቸው ሰላምታዬን አድርስ። ለታንጉት ግን ደብዳቤውን ራሱን ስጣት፤ አንተ እግርህን ብትጎትት እሷ እጅህን ትጎትታለች።

እህትህ ፋንታዬ
ሞርተንሩድ፣ ኦስሎ
ቅዳሜ ግንቦት 15 ቀን 2007 ዓ.ም.